ክራርና ዲስቶርሽን በአንድ መድረክ፦ ጅማ ላይ ለሚጀምሩ ባንዶች

ክራርን፣ ማሲንቆን ወይም ዋሽንትን ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከድራም ጋር ለማዋሐድ የሚነሱ ባንዶች ጅማ ውስጥ ጠፍተው አያውቁም። የሚያጥረው ዕድሜያቸው ነው። ለምን እንደፈረሱ ስትጠይቋቸው “አልተግባባንም” ይሏችኋል። እኔ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። ከአዝማሪዎች፣ ከኦሮምኛ ዘፋኞች፣ ከሮከሮችና ድምፅን በፔዳል (በእግር በሚረገጥ የድምፅ መለወጫ) ከሚያጣምሙ ልጆች ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ እንዳየሁት ጠቡ የሚጀምረው ከባሕርይ ሳይሆን ከቅኝት፣ ከድምፅ መጠንና ከኤሌክትሪክ ነው። ራሱን መስማት ያቃተው ማሲንቆ ተጫዋች ይቆጣል፣ “ቀንስ” የተባለው ጊታሪስት ያኮርፋል፣ ከዚያ ነገሩ የሰው ጠብ ይመስላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልምምድ እስከ ቀረጻ ድረስ የሚያደናቅፈውንና የሚያቃናውን በየተራው እጽፍላችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት የሚወሰን አንድ ነገር አለ። ባንዱ የሚገነባው በጣም ደካማ ድምፅ ባለው መሣሪያ ልክ ነው። ሮክ የለመደው ተቃራኒውን ነው፤ ድራሙ ይቆማል፣ ቤዝና ጊታር ይከተላሉ፣ ባህላዊው መሣሪያ መጨረሻ ላይ ይጨመራል። በዚያ መንገድ የተጨመረ ክራር በፎቶ ላይ ያምራል እንጂ አይሰማም። በዚህ ጉዳይ የኛው ከተማ ልጅ ጥሩ ምስክር ነው። በ1936 ዓ.ም. ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምሮ ሲመለስ የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ በአምስት ድምፅ የቆመ ቅኝት በአሥራ ሁለት ድምፅ ከሚሠራ ሃርመኒ ጋር ሲገናኝ መልኩን ሳያጣ እንዴት ይኖራል? የሆላንዱ ፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ይጫወት ከነበረው ከጌታቸው መኩሪያ ጋር ሲሠራ ደግሞ ዜማውን ለሳክስፎኑ ትቶ ጊታሮቹ ከሥር ሻካራ ምት ይዘውለታል። ከሁለቱም የምንወስደው ለቅኝቱ ቦታ መልቀቅን ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ይሁን። ጊታሪስቱ አኩስቲክ ይያዝ፣ ድራመሩ በብሩሽ ወይም በጣቱ ይምታ፣ ክራሩና ማሲንቆው ግን እንደ ልማዳቸው ይጫወቱ። ክራሩ በግልጽ የማይሰማበት ቦታ ሲመጣ ምክንያቱ የአምፕ (የድምፅ ማጉያ) ጉልበት ማነስ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ሁለት መሣሪያ አንድ የድምፅ ክልል ውስጥ እየተጋፋ ነው፤ ስለዚህ ጊታሩ ወደ ታች ይውረድ ወይም ዝም ይበል። በዚህ ደረጃ ያልተስተካከለን አቀናባበር ሚክሰር (ድምፆችን የሚቀላቅለው መሣሪያ) አያድነውም።

ቅኝት ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ብዙው ጥምረት የሚሰበረው እዚህ ነውና። መነሻ ድምፁን የሚወስነው ዘፋኙ ነው፤ ቀጥሎ ዋሽንት ካለ ዋሽንቱ። ዋሽንት ሸምበቆ ነው፤ ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ አይንቀሳቀስም፤ ለዚህ ነው ዋሽንት ነፊ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን አስሮ የሚዞረው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ዘፋኝ፣ ዋሽንት፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ጊታር፣ ቤዝ ይሁን። ቲዩነር (የቅኝት መለኪያ) ይዞ “ሁላችሁም 440 ላይ ኑ” የሚል ጊታሪስት ሥራውን በተገላቢጦሽ ጀምሮታል። አብዛኛው ዲጂታል ቲዩነር የማመሳከሪያ ድምፁን ከ430 እስከ 450 ሄርዝ መቀየር ያስችላል፤ ዋሽንቱ የሚሰጠውን ድምፅ አግኙና ቲዩነሩን ወደዚያ አምጡት።

ዋሽንት ሲሞቅ ከፍ ይላል። የአየሩ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር ድምፁ በ3 ሴንት ገደማ ይወጣል፤ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው። በጅማ የጠዋት ቅዝቃዜና በከሰዓቱ ሙቀት መካከል 10 ዲግሪ ልዩነት ካለ 30 ሴንት ይሆናል፤ ያ ደግሞ ለማንም ጆሮ ይሰማል። የብረት ክር በአንጻሩ ሙቀት ሲነካው ይላላና ይወርዳል። ጠዋት ተስማምቶ የተቀመጠ ባንድ ከሰዓት መድረክ ላይ የሚጣላው ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ነው። ዋሽንቱ ከመቃኘቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ይነፋ፣ ይሙቅ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይቃኝ።

አሁን ጊታሪስቶች ጆሯችሁን ስጡኝ። ዲስቶርሽን (የጊታርን ድምፅ የሚያሻክረው ኢፌክት) ሲበዛ ሦስተኛ ድምፅ ያለው ሙሉ ኮርድ ይደፈርሳል፤ ስለዚህ ሮክ በመነሻና በአምስተኛ ብቻ የሚሠራውን ፓወር ኮርድ ይወዳል። ግን ፓወር ኮርድ በየቅኝቱ ላይ እኩል አይቀመጥም። መነሻውን ዶ ብለን እንውሰድ። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ በዶ፣ በሬ፣ በሶልና በላ ላይ ፓወር ኮርድ ብትመቱ ሁለቱም ድምፆች ቅኝቱ ውስጥ አሉ። ሚ ላይ ብትመቱ ግን ሲ ይመጣል፤ እሱ የቅኝቱ ልጅ አይደለም። ትዝታ ማይነር ላይ ሚ እና ላ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያሉ) ስለሚሆኑ የሚሠሩት ዶ፣ ሶልና ላ ፍላት ብቻ ናቸው። ባቲ ማይነር ቸር ነው፤ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ እና ሲ ፍላት ይፈቅዳል፣ የሚከለክለው ሶልን ብቻ ነው። አምባሰል፣ ማለትም ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ በዶ፣ በሬ ፍላትና በፋ ላይ ይቀበላል።

አንቺሆዬ ላይ ስትደርሱ ተጠንቀቁ። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። መነሻው ላይ የተለመደውን ፓወር ኮርድ የመታ ጊታሪስት ሶልን ያመጣል፤ ክራሩ ደግሞ ሶል ፍላት ላይ ተቀምጧል፤ ግማሽ ድምፅ ርቀት ላይ ሆነው ይናከሳሉ። ታዳሚው ክራሩ የተሳሳተ ይመስለዋል። እዚህ ቅኝት ላይ ያለ ሥጋት የሚመቱት ፋ እና ሶል ፍላት ብቻ ናቸው፤ መነሻው ላይ ዶን ብቻውን በኦክታቭ (ከላይ ወይም ከታች ከሚደገመው ዶ ጋር) መያዝ ይበቃል። ያ ግጭት ሆን ተብሎ ለሙከራ ሲፈለግ የራሱ ውበት አለው፤ ፈልጋችሁት ይሁን እንጂ ሳታውቁት አይምጣ።

የክራር ሰው በቲዩነር መርፌ ልክ አይቃኝም፤ በጆሮው ይቃኛል። ሦስተኛው ወይም ስድስተኛው ድምፅ ከጊታሩ ፍሬት (አንገቱ ላይ ካለው የብረት መስመር) ጥቂት ሴንት ዝቅ ወይም ከፍ ሊል ይችላል። ስህተት ነው ብላችሁ አታርሙት። ጊታሩ እነዚያን ድምፆች ይተውለት፤ ካስፈለገም በቤንድ (ክሩን ወደ ጎን በመግፋት) ወይም በስላይድ (በማንሸራተት) ይድረስባቸው። ቤዝ ላይ የኔ ልማድ መነሻንና አምስተኛን ይዤ፣ አንቺሆዬ ላይ ደግሞ መነሻንና አራተኛን ይዤ፣ ቀሪውን ለክራሩ መተው ነው። ሥራው አሰልቺ ይመስላል፤ ዘፋኙ ግን የሚወደው ይህንን ነው።

የዘፈን ዝርዝር የሚወጣውም በቅኝት ነው። ባለ 6 ክር ክራር አምስቱን ድምፅና አንድ ድግም ይይዛል፤ በየዘፈኑ መካከል ሙሉ በሙሉ እንዲቃኝ ማድረግ ታዳሚውን በዝምታ መቅጣት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ሞክሩት፦ ከትዝታ ሜጀር ጀምሩ፤ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጉ ትዝታ ማይነር ይሆናል፤ ከዚያ ሬን ግማሽ ዝቅ፣ ሚ ፍላትን ሙሉ ድምፅ ከፍ ብታደርጉ አምባሰል ነው፤ ከአምባሰል ሶልን ግማሽ ዝቅ፣ ላ ፍላትን ግማሽ ከፍ ስትሉ አንቺሆዬ ላይ ትደርሳላችሁ። በየእርምጃው የሚነካው ሁለት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዘፋኙ ሰላምታ እየሰጠ ሳለ ያልቃል። ባቲ ግን ከየትኛውም ትዝታ ቢነሱ ሦስት ድምፅ ያስነካል፤ ለሱ የተቃኘ ሁለተኛ ክራር ማዘጋጀት ይሻላል። ክር ዝቅ ስታደርጉ ከሚፈለገው በታች አውርዱና ወደ ላይ አምጡት፤ ከላይ ወርዶ የቆመ ክር ዘፈኑ መሃል ላይ ይላላል።

ምቱ ሌላ ጣጣ ነው። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፣ ማለትም በየዙሩ ስድስት አጭር ምት ይቆጠራል፤ ድራመሮች ግን ሁለትና አራት ላይ ስኔር (ጠጣር ድምፅ ያለውን ትንሽ ድራም) መምታት ደማቸው ውስጥ ገብቷል። ስድስቱን በሃይ ሃት (በጥንድ ሲምባሉ) ይቁጠሩ፣ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) አንድ ላይ፣ ስኔር አራት ላይ ይሁን፤ ይህ ከተዋሐዳቸው በኋላ መቀነስ ይጀምሩ። ከበሮ ካለ ኪኩ ከከበሮው ከባድ ምት ጋር አይደረብ፤ ሁለቱም ከ60 እስከ 120 ሄርዝ አካባቢ ስለሚኖሩ ቤዙንም ይዘውት ይሰምጣሉ። ጥሩ ድራመር ከበሮ ሲገባ እግሩን ያነሳል። ገራርሳ ላይ ደግሞ ምት ቆጠራ የሚባለውን እርሱት። የጀግንነት ዜማ ነው፤ ትንፋሹና ቃሉ ይመሩታል፤ ከሥሩ ረጅም የቤዝ ድምፅ ወይም የጊታር ዝማሬ መዘርጋት ይቻላል፣ ድራም ማስገባት ግን ገራርሳውን ወደ ሌላ ዘፈን ይቀይረዋል።

ሮከር “16 ባር ቬርስ፣ 8 ባር ኮረስ” (16 የምት ዙር ስንኝ፣ 8 ዙር አዝማች) ብሎ ይይዛል። አዝማሪ ግጥም የሚያወርደው እንደ ሰዉ ሁኔታ ነው፤ አንድ ስንኝ ሞቅ ካለ ይደግመዋል፣ ካልሞቀ ይቆርጠዋል። 16 ብሎ የቆጠረ ባንድ ዘፋኙ 12 ላይ ሲጨርስ ገደል ይገባል። መፍትሔው መቁጠሩን ትቶ ምልክት መከተል ነው። አንድ ሰው፣ ቢቻል ቤዙ፣ የዘፋኙን አፍ ይይ፤ ሌሎቹ ቤዙን ይዩ። አንድ አዙሪት እየተደጋገመ ይቆያል፤ ዘፋኙ ራሱን ሲነቀንቅ ይቀየራል። ልምምድ ላይ ዘፋኙ ሆን ብሎ በየጊዜው የተለያየ ርዝመት እንዲዘፍን ጠይቁት።

ስለ አነጋገርም ትንሽ ልበል። አብረዋችሁ የሚሠሩት ባለማሲንቆ ብዙ ጊዜ በዕድሜ አባታችሁን የሚያህሉ ናቸው። “ጋሼ፣ ቅኝትዎ ወጥቷል” ብሎ በሰው ፊት የተናገረ ልጅ በማግስቱ ባለማሲንቆ የለውም። “ጋሼ፣ እኔ ከየቱ ልነሳልዎት?” ብትሏቸው መሣሪያቸውን አንስተው ይሰጧችኋል፤ ወጥቶ ከሆነም ራሳቸው ይሰሙትና ያስተካክላሉ። አፋን ኦሮሞ የሚቀላቸው ከሆኑ በዚያው አነጋግሯቸው፤ የማትችሉ ከሆነ የሚችል የባንዱን ልጅ አጠገባቸው አስቀምጡ። የልምምድ ሰዓት ስታወጡ አርብ ቀትርን ለጁምዓ ተዉት፣ በረመዳን ከማፍጠሪያ በኋላ አድርጉት፣ ሳውንድ ቼኩም ከአዛን ጋር አይገናኝ። ጅማ ውስጥ ይህን የማያስብ ባንድ የሚለማመድበት ሰፈር ያጣል።

ኤሌክትሪክ ስታስገቡ የመጀመሪያው ችግር ፊድባክ (ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ሲያነሳ የሚወጣው ጩኸት) ነው። ክራርም ማሲንቆም ቆዳ የተወጠረባቸው ናቸው፤ የተወጠረ ቆዳ ደግሞ ራሱ ማይክሮፎን ነው፣ ከሞኒተር (ተጫዋቾች ራሳቸውን ከሚሰሙበት ስፒከር) የሚመጣውን ሁሉ መልሶ ይልከዋል። ለክራር ፒዬዞ ፒክአፕ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ተለጣፊ) ይሻላል። በቀጭን ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ከብርኩማው (ክሮቹ ከሚያርፉበት እንጨት) እግር አጠገብ ለጥፉት፤ የቆዳው መሃል ላይ ካስቀመጣችሁት የምታገኙት ድብደባና ጩኸት ነው። ፒዬዞን በቀጥታ ሚክሰር ላይን ላይ መሰካት የተለመደ ጥፋት ነው። የሚክሰሩ ላይን መግቢያ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በአብዛኛው 10 ሺህ ኦም አካባቢ ነው፤ ፒዬዞ ግን 1 ሚሊዮን ኦምና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ካላገኘ ታችኛው ድምፅ ይጠፋና ክራሩ እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል። አክቲቭ ዲ አይ ቦክስ (መሣሪያን ከሚክሰር ጋር የሚያጣጥም ሳጥን) ወይም ትንሽ ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ) መሃል ላይ አስገቡ፤ ከጠፋም ክራሩን በጊታር አምፕ መግቢያ ላይ ሰክታችሁ አምፑን በማይክ ማንሳት ይቻላል። ፕሪአምፑ የ9 ቮልት ባትሪ ካለው ከዝግጅቱ በፊት ቀይሩት፤ ባትሪ ሲደክም መጀመሪያ የሚመጣው ስንጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ስለሆነ ሰው ገመዱን ይወቅሳል።

ማሲንቆ በፒዬዞ ብቻ ሲሆን የጭራው ፍትጊያ ይበዛበታል። ከቆዳው ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የራቀች ትንሽ ክሊፕ ማይክ አንገቱ ላይ ብትታሰር ይበልጥ ማሲንቆ ማሲንቆ ይላል። እሷ ከሌለች እንደ ሹር ኤስኤም 57 ያለ ዳይናሚክ ማይክ ከ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይሠራል፤ ግን ተጫዋቹ ይወዛወዛል፣ ወንበር ስጡት። ሚክሰሩ ላይ ከ100 ሄርዝ በታች ቁረጡ፣ ፊድባክ ሲጀምር ከ200 እስከ 400 ሄርዝ መካከል ፈልጉና ጠባብ አድርጋችሁ ቀንሱ። አፍንጫ አፍንጫ የሚል ድምፅ ካስቸገረ 1 ሺህ ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ሙሉውን አታጥፉት፣ የማሲንቆ ጠባይ ያለው እዚያ ነው። ለዋሽንት ማይኩን አፉ ፊት አትደቅኑ፤ ትንፋሹ ይንፋፋል። ከአፉና ከመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች መካከል በጎን በኩል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

የመድረክ አቀማመጥ ከኢኪው (ቀጭንና ወፍራም ድምፅን ከማስተካከያው) በላይ ይረዳል። ማሲንቆና ዋሽንት ከድራም ሲምባል ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ፤ የጊታር አምፕ ወደ እነሱ ፊቱን አያዙር። ካርዲዮይድ ማይክ (በዋናነት የፊቱን የሚያነሳ ማይክ) የማይሰማው ከጀርባው ነው፤ ሞኒተሩን ልክ ከማይኩ ጀርባ አድርጉ። የጊታር አምፕ ለትንሽ አዳራሽ 15 ዋት ያለው ከበቂ በላይ ነው። ባለ 100 ዋቱን ይዞ የመጣ ጊታሪስት “ድምፁ የሚጣፍጠው ሲከፈት ነው” ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ስለዚህ ቀድሞ የሚከፈት ትንሽ አምፕ ይያዝ።

ፔዳሎችን በባህላዊ መሣሪያ ላይ ለመሞከር የምትፈልጉ፣ ከፈዝ (ድምፅን በጣም ከሚያሻክረው ፔዳል) በፊት ሁልጊዜ ፕሪአምፕ ወይም በፈር (ሲግናሉን የሚያጠነክር ሳጥን) አስቀምጡ፤ ፒዬዞ በቀጥታ ፈዝ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይሞታል። ማሲንቆ በፈዝ ውስጥ ሲያልፍ የጭራው ሹክሹክታ እንደ ዝናብ ስለሚያይል ከ5 ሺህ ሄርዝ በላይ ያለውን ቁረጡ፣ ጌይኑንም (የመግቢያውን ጉልበት) ዝቅ አድርጉ። ኦክታቭ ፔዳል ለክራር ግሩም ነው፤ ነጠላ ነጠላ ድምፅ ስለሚመታ ፔዳሉ ይከተለዋል። ማሲንቆ ላይ ግን ይንገዳገዳል፤ ድምፁ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ። ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግም ፔዳል) ስታስገቡ 60 ሺህን ለቴምፖው (በደቂቃ ላለው የምት ብዛት) አካፍሉ፤ ችክችካው በደቂቃ 100 ከባድ ምት ካለው አንዱ ምት 600 ሚሊሰከንድ፣ አንዱ ስምንተኛ 200 ሚሊሰከንድ ነው። ዲሌዩን 400 ላይ ብታደርጉት በሁለት ላይ ሦስት የሚጥል ምት ይወጣል፤ ክራር ላይ ደስ ይላል። ሉፐር (የቀዳውን እየደጋገመ የሚያሰማ ፔዳል) ላይ ምት ያለው ነገር አትቅዱ፤ የከበሮ ሰው ቴምፖ ይተነፍሳል፣ ሉፑ ግን አይተነፍስም፣ ጥቂት ዙር ሳይሄዱ ይለያያሉ። ሉፕ የሚያምረው ምት የሌለው ረጅም የማሲንቆ ድምፅ ሲሆን ነው።

ጅማ ላይ ለብቻው መጠቀስ ያለበት እርጥበቱ ነው። ዝናቡ ረጅም ወራት ይቆያል፤ ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ከበሮው ይደነቁራል፣ ማሲንቆው ይወርዳል፣ የጊታሩም አንገት ይታጠፋል። አባቶች እሳት ዳር ያሞቁታል፤ መድረክ ላይ 60 ዋት የሚሞቅ አምፖል ከቆዳው ግማሽ ሜትር አርቆ ማብራት ይቻላል። ኤልኢዲ አምፖል አይሞቅም፣ እሱን ይዛችሁ እንዳትለፉ። ቀስ ብሎ ይሙቅ፤ ቶሎ የደረቀ ቆዳ ጠርዙ ላይ ይቀደዳል። ለማሲንቆ ጭራ የሚቀባው ሙጫ በእርጥበት ስለሚጣበቅ በተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች አትጣሏቸው፣ ከመሣሪያው ጋር ቦርሳ ውስጥ ክተቷቸው። ዝናብ ጠብ ሲል ወደ ውስጥ የገባ ማሲንቆ ወዲያው አይቃኝ፣ ክፍሉን ይላመድ።

አሁን ሕይወት ወደሚነካው። የመብራታችን ጉልበት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው፤ ብዙ አዳራሽ ውስጥ ግን ሶኬቱ የመሬት መስመር የለውም ወይም ቢኖረውም አልተያያዘም። ጊታሪስቱ ክሩን ይዞ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ የሚመታው ለዚህ ነው፤ አምፑ ከአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከሌላ ይመጣል፣ በሁለቱ መካከል የቮልት ልዩነት አለ፣ ሰውየው ድልድይ ይሆናል። የመድረኩን ሁሉ ከአንድ ሶኬት በጥሩ ዲቫይደር አውጡ። ከሳውንድ ቼክ በፊት መልቲሜትር ኤሲ ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ጊታር ክር ላይ፣ ሌላውን ማይክ ወንፊት ላይ ንኩ። ከጥቂት ቮልት በላይ ካሳየ ማንም ሰው ማይክ አይያዝ፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥቶ የመሬት መስመሩን ያስተካክል። ሃም (ከኤሌክትሪኩ የሚመጣውን እምም የሚል ድምፅ) ለማጥፋት ሲባል የአምፕን የመሬት እግር መቁረጥ ሰው ይገድላል። ሃሙ የሚጠፋው ዲ አይ ቦክሱ ላይ ያለውን የግራውንድ ሊፍት ቁልፍ በመጫን ነው፤ ያ የሲግናል ገመዱን ብቻ ነው የሚለየው።

ጄኔሬተር ስትከራዩ የሚያስፈልጋችሁን ዋት ደምሩና ግማሹን ጨምሩበት፤ ቤዙ ሲመታ ጄኔሬተሩ የሚንገጫገጭ ከሆነ አነስተኛ ነው። ከመድረኩ ቢያንስ 20 ሜትር ይራቅ፤ አለዚያ ጩኸቱ በማሲንቆ ማይክ ይገባል። ዲጂታል ሚክሰርና ኮምፒውተር ካላችሁ ለሁለቱ ብቻ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ያዙ። መብራት ሄዶ ሲመለስ አምፖቹ ሁሉ ጠፍተው ይጠብቁ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚወጣው ግፊት ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር) ያቃጥላል።

ቀረጻ ላይ ዋናው ጥያቄ ማን ቀድሞ ይቀዳ የሚለው ነው። ድራምና ጊታር በክሊክ (በጆሮ በሚሰማ ቋሚ የምት መቁጠሪያ) ተቀድቶ አዝማሪው መጨረሻ ላይ “በዚህ ላይ ግጥም አውርድ” ሲባል አልፈልግም ቢል አትፍረዱበት፤ ትንፋሹን የሚያስገባበት ክፍተት የለም። ዘፋኙ፣ ክራሩና ማሲንቆው በአንድ ክፍል፣ እየተያዩ፣ ያለ ክሊክ ይቅዱ። ቤዝና ጊታር በዲ አይ ገብተው በጆሮ ማዳመጫ ይከተሉ። የድራሙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። የጊታሩን ንጹሕ ሲግናል አብራችሁ ካስቀመጣችሁ ዲስቶርሽኑን በኋላ በአምፕ አሳልፋችሁ መወሰን ትችላላችሁ። 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ሄርዝ በቂ ነው፤ ጫፉ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል ይሁን፣ አዝማሪ ሲሞቀው በድንገት ይጨምራልና። ከመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች አንዱን ያዙ። ግጥሙ እዚያው የሚፈጠር ስለሆነ አሥር ጊዜ ያስደገማችሁት አዝማሪ ቃሉን ማስታወስ ይጀምራል፣ ማውረዱን ይተዋል።

ስቱዲዮ መከራየት ያልቻላችሁ፣ ጅማ የቡና አገር ናት፣ ጆንያ አይጠፋም። አንድ ጆንያ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ይውጣል፣ ክፍሉ ይታፈናል፣ ቤዙ ግን እንዳለ ይጮኻል። አራት አምስት ድርብ አድርጋችሁ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ ስቀሉት፣ ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ የታጠፈ ፍራሽ አቁሙ። ጆንያው የቡና ገለባ እንዳይኖርበት በደንብ ይራገፍ፤ አቧራው የዘፋኝ ጉሮሮ ይዘጋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ካለ በክረምት ከሰዓት ቀረጻ አታስቡ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው፣ ጠዋትን ተጠቀሙ።

የስምምነቱ ነገር ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ማለቅ አለበት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ግጥሙን ወይም ዜማውን የፈጠረ ብቻ ሳይሆን የተጫወተውም ሰው በተጫወተው ነገር ላይ መብት አለው፤ ያለ ፈቃዱ መቅዳት አይቻልም። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ ማን ምን ተጫወተ፣ ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው የሕዝብ ከሆነ የሕዝብ ተብሎ ይጻፍ፣ ከዩቲዩብና ከመድረክ የሚገኘው እንዴት ይካፈላል፣ ቅጂው ለማስታወቂያ ቢፈለግ ማን ይጠየቃል። ተጫዋቹ በሚያነበው ቋንቋ ይዘጋጅ፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ እሱ የሚያምነው ሰው ያንብብለት። ከገጠር የመጣውን ዘፋኝ በቀን አበል ሸኝቶ ጊታሪስቶቹ በድርሻ የሚካፈሉበት አሠራር አለ። ዘፈኑ እስኪታወቅ ድረስ ማንም ምንም አይልም፤ ከታወቀ በኋላ ግን ባንዱን የሚያፈርሰው ይኸው ነው። ድርሻው እኩል ይሁን፤ የመሣሪያ ኪራይና ትራንስፖርት ከላይ ይነሳ፣ የቀረው በሰው ቁጥር ይካፈል። የመድረክ ክፍያ በዚያው ሌሊት ሰው ከመበተኑ በፊት ለየእጁ ይሰጥ፤ የተቀዳው ድምፅም በፍላሽ፣ ስማቸው በላዩ ተጽፎበት፣ ለባለማሲንቆውም ለባለክራሩም ይድረስ።